ከበሩ እስከ ልጁ ክፍል፤ ፊቲያ ውስጥ የሚጠፋው ኢንተርኔት

ፊቲያ ውስጥ ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ሰው መጀመሪያ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል። ካልሆነ ለኩባንያው ይደውላል። ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ ትሁት ነው። መስመሩን እዚያው ሆኖ ያየውና «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ይላል፤ ቀጥሎ ከፍ ያለ ፍጥነት ያለው ውል እንዳለ ይነግራል። በዚህ መንገድ ከ100 ወደ 250፣ ከ250 ወደ 500 ሜጋቢት የተሸጋገሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ። በየወሩ የሚከፈለው ክሮና ጨመረ፤ በልጁ ክፍል ግን ቪዲዮው ዛሬም እየቆመ ይሄዳል።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ከመንገድ እስከ ሕንፃው ባለው መስመር ላይ አይደለም። የሚጠፋው ከመግቢያው በር እስከ መጨረሻው ክፍል ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው። እዚያ የጠፋውን ደግሞ ከፍ ያለ ውል መፈረም አይመልሰውም። ስዊድንኛው ገና ያልቀናቸው እናቶችና አባቶች ለማይደርሳቸው ነገር በየወሩ ሲከፍሉ ማየት ያንገበግባል። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ፊቲያ ከስቶክሆልም መሐል በስተደቡብ ምዕራብ፣ በቦትሺርካ ኮሚዩን ውስጥ፣ በቀዩ የቱነልባና (የምድር ውስጥ ባቡር) መስመር ላይ በማስሞና በአልቢ መካከል ያለች ሰፈር ናት። ጣቢያዋ የተከፈተው በ1972 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል መኖሪያ ቤት የሠራችበት «ሚሊዮን ፕሮግራም» ነው ሰፈሩን ያቆመው። ቱርክ አገር ካለችው ከኩሉ ከተማ የመጡት፣ ከሶርያና ከኢራቅ የመጡት፣ እኛም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጣነው በእነዚህ ፎቆች ውስጥ ጎረቤት ሆነናል። ቤቶቹ ሲሠሩ ኢንተርኔት የሚባል ነገር በማንም ቤት አልነበረም። ሽቦው የተዘረጋው ለአምፖል፣ ለፍሪጅና ለምድጃ ነው።

ግድግዳውና ወለሉ አርማታ ነው። ብርዱን ለመቋቋምና የጎረቤትን ድምፅ ለመከልከል ጥሩ ነው፤ ለዋይፋይ ግን ክፉ ነው። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ፈጣኑ ዋይፋይ አንድ የአርማታ ግድግዳ ሲያልፍ ይዳከማል፤ ሁለተኛውን አልፎ የሚተርፈው ጥቂት ነው። 2.4 ጊጋኸርዙ በተሻለ ያልፋል፤ ይሁንና ቤት በቤት ላይ በተደራረበበት ሕንፃ ውስጥ የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር በዚያው ሞገድ ስለሚጠቀም ይጨናነቃል። ፋይበሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገባው በመግቢያው በር በኩል፣ ኮት በሚሰቀልበት ኮሪደር ላይ ነው። ልጆች የሚያጠኑበት ክፍል በቤቱ ሌላኛው ጫፍ ይሆናል። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ግድግዳ በስቶ ኬብል ማሳለፍ ያስፈራል። በዚህ መሐል የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ሻጭ ከመደርደሪያው አንድ ጥንድ ነጭ ሣጥን አውርዶ «አንዱን ራውተሩ አጠገብ፣ ሌላውን ልጁ ክፍል ሰኪው፤ ኢንተርኔቱ በመብራት ሽቦው ይሄድልሻል» ሲል ማን እምቢ ይላል? ፓወርላይን የሚባለው ይኸው ነው።

ፊቲያ ውስጥ ክሮጋርቬገን በሚባለው መንገድ ላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይህን ዕቃ የገዙ እናት ቤት ሄድኩ። የሄድኩት የመብራት ሙያ ከተማረ ወዳጄ ጋር ነው። ቡናው ተፈልቶ፣ ምጣዱ ወጥ ቤት ውስጥ እየጋለ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ ያየናል።

«ምጣዱ ነው የሚያበላሸው» አሉ እናትየው። «እንጀራ ልጋግር ስል ልጄ ‹ኔቱ ጠፋ› ብሎ ይጮኻል። ደሴ ካለችው እህቴ ጋር በቴሌግራም ሳወራም ፊቷ ደርቆ ይቀራል።»

«እትዬ፣ መጀመሪያ እንለካ» አላቸው ወዳጄ። «ሳንለካ ማንንም አንክሰስ።»

የለካበትን ቅደም ተከተል ልብ ይሏል፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ቢኖር ይህን እንዲወስድ እፈልጋለሁ። ላፕቶፑን ይዞ መጀመሪያ የሄደው ወደ ልጁ ክፍል ሳይሆን ወደ ኮሪደሩ ነው። ዋይፋዩን አጠፋ፣ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘው፣ ብሬድባንድስኮለንን ከፈተ። ይህ መለኪያ የስዊድን ኢንተርኔት ፋውንዴሽን ከ2007 ጀምሮ ለሕዝብ በነፃ ያቀረበው ነው። ውላቸው 250 ሜጋቢት ነው፤ መለኪያው 243 አለ። ኩባንያው የገባውን ቃል እስከ በሩ አድርሷል ማለት ነው። ቀጥሎ ኬብሉን ልጁ ክፍል ካለው ነጭ ሣጥን ጋር አያይዞ ለካ። 27። ልጁ «አየሽ!» በሚል ዓይን እናቱን አያት።

ሦስተኛው ልኬት ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ወዳጄ ሁለቱንም ሣጥኖች ነቅሎ ኮሪደሩ ላይ፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ሶኬቶች ላይ ሰካቸው። በመካከላቸው ያለው ሽቦ የእጅ ስንዝር ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሁኔታ አያገኙም። ለካ፤ 93። ደግሞ ለካ፤ እንደገና 93። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ግን 600 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ስለ ዕቃው ማውራት ያስፈልጋል። መብራት በሽቦው ውስጥ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ፓወርላይኑ በዚያው ሽቦ ላይ እጅግ ደካማና እጅግ ፈጣን የሆነ ምልክት ይደርብበታል፤ የተለመደው ዓይነት ከ2 እስከ 30 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ አዲሱ እስከ 86 ሜጋኸርዝ ድረስ። መረጃውን በመቶዎች በሚቆጠሩ ቀጫጭን ሞገዶች ላይ ይበትነዋል፤ በእያንዳንዱ ሞገድ ላይ የሚጭነው ያ ሞገድ በዚያች ሰዓት የሚችለውን ያህል ነው። አንዱ ሞገድ ሁካታ ካለበት ያቃልልለታል፣ ጸጥ ያለውን ይጭነዋል። ስለዚህ ፍጥነቱ ቋሚ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚበራና የሚጠፋ ዕቃ ሁሉ ይለዋውጠዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሆምፕላግ የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር በ2000 ተቋቁሞ በ2001 ያወጣው የመጀመሪያ ደንብ 14 ሜጋቢት ነበር የሚለው። በ2005 የመጣው 200 አለ፤ በ2012 የመጣው ከጊጋቢት ጋር መወዳደር ጀመረ። ስዊድን ውስጥም የመብራት ቆጣሪ ከሐምሌ 2009 ጀምሮ በየወሩ እንዲነበብ በሕግ ሲደነገግ፣ ብዙዎቹ ቆጣሪዎች ንባባቸውን የሚልኩት በዚያው በመብራት ሽቦ ነበር፤ የእነሱ መረጃ ግን በጣም ትንሽ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለው 600 የሽቦው ላይ ምልክት በቤተ ሙከራ ሁኔታ የሚደርስበት ጥሬ ፍጥነት ነው፤ የሚሄደውም የሚመጣውም ተደምሮ፣ ለስህተት ማረሚያና ለተራ መጠበቂያ የሚውለው ሳይቀነስ። ፓወርላይን እንደ እድር ስብሰባ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል እንጂ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይናገርም። ሦስተኛና አራተኛ ሣጥን ከተጨመረ ሰዓቱ ለሁሉም ይከፋፈላል። በተግባር ከተጻፈው ሲሶ ከተገኘ ደኅና ነው፤ በአሮጌ ሽቦ ላይ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል።

የ93ቱ ምስጢር ግን ከዚህም ይቀላል። ሣጥኑ ላይ ያለችው የኬብል መሰኪያ 100 ሜጋቢት ብቻ የምታሳልፍ ናት። በሽቦው ላይ ስንትም ቢሮጥ በዚያች ቀዳዳ በኩል ከ95 በላይ አይወጣም። 500 እና 600 የተጻፈባቸው ብዙ ሣጥኖች እንዲህ ናቸው፤ መሰኪያዋ የ100 መሆኗም ካርቶኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። በእኔ እምነት ይህ በካርቶኑ ፊት ለፊት ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው። ቤቱ የ250 ውል ይዞ በልጁ ክፍል ከ93 የሚያልፍበት አንድም መንገድ እንዳልነበረ ገዢዋ የማወቅ መብት ነበራቸው። የሚገዛ ሰው «ጊጋቢት መሰኪያ አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ያለው ቢሆን እንኳ ኬብሉ መፈተሽ አለበት፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ቀጫጭን ሽቦዎች ይፈልጋል፣ አንዷ ከተበጠሰች ግንኙነቱ ምንም ሳይናገር ወደ 100 ይወርዳል። በር ሥር የተጨፈለቀ ኬብል የዚህ ሁነኛ ምክንያት ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ኩባንያው የሚሸጠው ሜጋቢት ነው፤ ፋይል ሲወርድ ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ ሜጋባይት ነው። አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። 80 ሜጋቢት ያለው ቤት በሰከንድ 10 ሜጋባይት ሲያይ ተታለልኩ ማለት የለበትም።

ወደ ክሮጋርቬገን ልመለስ። ጣሪያው 93 መሆኑ ታወቀ፤ ከ93 ወደ 27 ያወረደው ምንድን ነው? ልጁ ክፍል ገባን። ሣጥኑ የተሰካው ጠረጴዛው ሥር ባለ ረጅም ዲቫይደር ላይ ነው፤ ከጎኑ የኮምፒዩተሩ ስክሪን፣ የጨዋታ መሣሪያው፣ ሁለት የስልክ ቻርጀሮችና የጠረጴዛ መብራት ተደርድረዋል። ዲቫይደሩ ከመብረቅና ከኃይል መጨመር የሚከላከል ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ዲቫይደር በውስጡ ያለው ማጣሪያ ፈጣን ምልክትን እንደ ጉዳት ቆጥሮ ይውጠዋል። ፓወርላይን ማለት ደግሞ ፈጣን ምልክት ነው። ወዳጄ ሣጥኑን ነቅሎ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። 51። ይህን አንድ ነገር ብቻ በማድረግ ፍጥነቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው፤ አምስት ሳንቲም አልወጣበትም።

«ምጣዱስ?» አሉ እትዬ። አልረሱትም።

ምጣዱ በርቶ ተለካ፣ ጠፍቶ ተለካ፤ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ምጣድ ብዙ ኃይል ቢበላም ሥራው ሽቦ ማጋል ብቻ ነው፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ማብሪያ ማጥፊያ «ጠቅ» ሲል ለቅጽበት ምልክቱን ይነካዋል እንጂ ያለማቋረጥ አይረብሽም። የሚረብሹት ትንንሾቹ ናቸው። ርካሽ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ መብራት ኃይል መቀየሪያ፣ ዲመር፤ እነዚህ ኃይሉን በሰከንድ በአሥር ሺዎችና በመቶ ሺዎች ጊዜ እየቆራረጡ ነው የሚሠሩት፣ የቁርጥራጩ ትርፍራፊ ድምፅ ደግሞ ፓወርላይኑ በሚሠራበት ሞገድ ላይ ይፈስሳል። አንዳንዶቹ ደግሞ ምንም ሳይጮኹ፣ በውስጣቸው ባለው ማጣሪያ ምልክቱን ይመጥጡታል።

ወዳጄ ወጥ ቤቱን ቃኘ። ከቁምሣጥኑ ሥር፣ ከምጣዱ በላይ፣ የተለጠፈች የኤልኢዲ መብራት አለች፤ እትዬ እንጀራ ሲጋግሩ ዓይኑን ለማየት ሁልጊዜ ያበሯታል። አጠፋት። ልጁ ከክፍሉ «68!» ብሎ ጮኸ። አበራት፤ 50። ደግሞ አጠፋት፤ 67። ስንት ጊዜ የተወቀሰው ምጣድ ነፃ ወጣ። ጥፋተኛዋ የመብራቷ ኃይል መቀየሪያ፣ ጣት የምታክል ጥቁር ሣጥን ናት። ዳምሱጋሬው፣ ማለትም የአቧራ መጥረጊያው ማሽን ሲነሣ ደግሞ ፍጥነቱ ወደ 40 ወረደ፤ ውስጡ ያለው ሞተር በብሩሾቹ ላይ ብልጭታ ስለሚፈጥር ነው። እሱ ግን በሳምንት ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ይቻላል።

ፍለጋው ራሱ ከዚህ ሌላ ዘዴ የለውም። ዕቃ በዕቃ ነቅሎ መለካት፣ መመለስ፣ ሌላውን መንቀል። ቀን የተለካን ከማታ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል፤ ሁሉም በአንድ መቀመጫ፣ በአንድ ኬብል፣ ዋይፋይ ጠፍቶ መለካት አለበት። ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የምልልሱ ጊዜም ይታይ። በኬብል 4 ሚሊሰከንድ የነበረው በፓወርላይን አንዴ 12፣ አንዴ 60 እያለ ከዘለለ፣ ፊልም ባይቋረጥም የቪዲዮ ስልክ ይቆራረጣል። የእትዬ እህት ፊት ደርቆ የሚቀረው በፍጥነት ማነስ ሳይሆን በዚህ መዝለል ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሽቦው። ወዳጄ ከኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የፊውዝ ሣጥኑን ከፈተው። እንደ ድሮው በእጅ የሚጠመዘዙ የሸክላ ፊውዞች ተደርድረዋል። ስዊድን ውስጥ መኖሪያ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገባለት ሦስት ፌዝ ነው፤ ምድጃው በአንዱ ወይም በሁለቱ፣ ሳሎኑ በሌላው፣ መኝታ ክፍሉ በሦስተኛው ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሣጥኖች በአንድ ፌዝ ላይ ከዋሉ ምልክቱ በቀጥታ ይሄዳል። በተለያየ ፌዝ ላይ ከዋሉ ግን ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሽቦዎቹ ተጠጋግተው በሚሄዱበት ቦታ ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ ብዙውን ያጣል። «ሳሎን ይሠራል፣ መኝታ ቤት አይሠራም» የሚባለው እንቆቅልሽ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ አለ። ተከራዩ ሊያደርግ የሚችለው ሌላ ሶኬት መሞከር ነው፤ በዚያው ክፍል ውስጥም ቢሆን ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ከሌላ ፊውዝ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ፌዞችን የሚያገናኝ መሣሪያ ቢኖርም እሱን የሚያስገባው ባለሙያ ነው። በዚህ ቤት ሌላ ሶኬት ሞክረን ያገኘነው ለውጥ የሚያወራ አልነበረም።

የመሬት ሽቦው ጉዳይ ግን የዚህ ሰፈር ዋነኛ ነጥብ ነው። በ2012 የመጣው አዲሱ ፓወርላይን ፍጥነቱን ያገኘው ሦስቱንም ሽቦዎች፣ ፌዝን፣ ኒውትራልንና የመሬቱን ሽቦ፣ እንደ ሁለት መንገድ በመጠቀም ነው። በፊቲያ ዘመን የተሠሩ ቤቶች ደግሞ የመሬት ሽቦ የሚዘረጋላቸው በአብዛኛው ለወጥ ቤት ነበር፤ የመኖሪያ ክፍሎቹ ሶኬቶች ሁለት ቀዳዳ ብቻ ናቸው። ስዊድን በአዲስ ቤት በሁሉም ክፍል የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት እንዲኖር ያስገደደችው በ1994 ነው። ስለዚህ አንድ ተከራይ 1300 ወይም 2000 የተጻፈበትን ውድ ሣጥን ገዝቶ ያልታደሰ ክፍል ውስጥ ቢሰካው፣ ሣጥኑ በአንዱ መንገድ ብቻ ይሄዳል፤ የተከፈለበት ሁለተኛው መንገድ በግድግዳው ውስጥ የለም። የሶኬቱን ጎን ማየት ነው፤ ከላይና ከታች የሚያብረቀርቁ የብረት ምላሶች ካሉ የመሬት ሽቦ አለው፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ የለውም። የመሬት መሰኪያ ያለውን ዕቃ በሌለው ሶኬት ላይ መሰካት ለደኅንነትም አይመከርም። የመሬት ሽቦ የሌለውን ሶኬት የመሬት ሽቦ ወዳለው በራስ እጅ መቀየር ደግሞ አይታሰብ። በዚህ አገር እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው በኤልሴከርሄትስቬርከት፣ በኤሌክትሪክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የተመዘገበ ድርጅት ብቻ ነው። ቀለም መቀባት ለተከራይ የተፈቀደ ነው፤ ሽቦ መንካት ግን አይደለም። ታድሰው ሽቦአቸው የተቀየረ ሕንፃዎች ውስጥ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፤ እዚያ አዲሱ ሣጥን ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል።

ስለ ጎረቤትም ጥቂት ልበል። የፓወርላይን ምልክት ቆጣሪው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ደክሞም ቢሆን ሊያልፍ ይችላል። ሣጥኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዘው ነው የሚወጡት። ስለዚህ አውጥቶ መሰካት ብቻ ሳይሆን፣ በሁለቱም ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቁልፍ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አከታትሎ መጫን የግድ ነው፤ ያኔ ለራሳቸው ብቻ የሆነ አዲስ ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈጥራሉ። ይህ ካልተደረገ ከላይ ያለው ጎረቤት ሣጥን ከእርስዎ ጋር ሊተዋወቅ ይችላል።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለች ዘመድ «እኔም ልግዛው?» ብላ ስትጠይቅ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው። መብራቱ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ዕቃው ይሠራል። ግን የኮንዶሚኒየሙ የውስጥ ግድግዳ በብዛት ክፍት ብሎኬት ነው፤ ዋይፋይ ከፊቲያው አርማታ በተሻለ ያልፈዋል። እሷ መጀመሪያ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥታ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠው።

እኔ ፓወርላይንን የምመክረው ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ነው። የሚያምኑት ነገር ኬብል ነው። ጠፍጣፋ የኢተርኔት ኬብል በግድግዳው ግርጌ ጣውላ ላይ፣ በበር መቃን ዙሪያ፣ በትንንሽ መያዣ እየተያዘ ቢዘረጋ ግድግዳ አይበሳም፤ ከሣጥኖቹ ጥንድ ዋጋ በታች ይወጣበታል፣ ጊጋቢቱንም ሳይሸራርፍ ያደርሳል። በቤቱ ሁለት ክፍሎች የቴሌቪዥን ኮአክሲያል መሰኪያ ካለና ሁለቱ በአንድ መስመር ከተገናኙ፣ በዚያ ኬብል ላይ የሚሠሩ ሣጥኖች ከፓወርላይን በእጅጉ ይሻላሉ። ሜሽ የሚባለው ዋይፋይ ጥሩ የሚሆነው መካከለኛው ሣጥን ከኮሪደሩም ከክፍሉም ጋር በሚተያይበት ቦታ ሲቀመጥ ነው፤ ከአርማታው ጀርባ ከተደበቀ እሱም ይታፈናል። ፓወርላይን የግድ ከሆነ በኢንተርኔት መደብር መግዛት ይሻላል፤ በርቀት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ በስዊድን ሕግ የተከበረ መብት ነው፣ ይህ ዕቃ ደግሞ በራስ ቤት ሽቦ ላይ ሳይሞከር ማንም ዋስትና ሊሰጥለት አይችልም።

ከሁሉ በፊት ግን ቤቱ ስንት ያስፈልገዋል የሚለው ይጠየቅ። ኔትፍሊክስ ጥራት ላለው ምስል 5፣ ለከፍተኛው ጥራት 15 ሜጋቢት ነው የሚጠይቀው። የቪዲዮ ስልክ ከዚያም ያንሳል። በልጁ ክፍል 68 ካለ፣ ልጁ ትምህርቱን ሲከታተል እናቱ ሳሎን ከደሴ ጋር ቢያወሩ፣ ትንሿ እህቱ ካርቱን ብታይ ይበቃቸዋል። ወዳጄ ይህን ሲያስረዳ እትዬ ሒሳቡን ቶሎ ያዙት።

«ታዲያ ለምን 250 እከፍላለሁ?»

«የውሉ ማሰሪያ ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ እንየው» አላቸው። ስዊድን ውስጥ ይህ ጊዜ ከ24 ወር ሊበልጥ አይችልም። ሲያልቅ ወደ 100 መውረድ ይቻላል፤ ኩባንያው ግን ራሱ ደውሎ «ውረዱ» አይልም።

በተቃራኒው፣ ኮሪደሩ ላይ በኬብል ሲለካም ቁጥሩ ከውሉ በታች ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ጥፋቱ የቤቱ አይደለም። በ2015 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ኩባንያው ዝቅተኛውን፣ የተለመደውንና ከፍተኛውን ፍጥነት በውሉ ላይ እንዲጽፍ ያስገድደዋል። በተለያየ ሰዓት፣ በኬብል፣ በብሬድባንድስኮለን የተወሰዱ ልኬቶችን አስቀምጦ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ኩባንያው ካልሰማ ቴሌኮም ሮድይቫርና በነፃ ያማክራሉ፤ ክርክሩ ካልተፈታ አልመና ሬክላማሾንስኔምደን፣ የሸማቾችን አቤቱታ የሚመረምረው ቦርድ አለ።

ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ፣ ጠርዙ የጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ደግሞ የኢንተርኔቱ ነገር ይቆይ። ሣጥኑን መንቀል፣ ያንን ሶኬት አለመጠቀም፣ በዚያው ቀን ለአከራዩ ፌልአንሜላን፣ ማለትም የብልሽት ማመልከቻ ማስገባት፤ ፎቶ አንሥቶ፣ የክፍሉን ስም ጽፎ፣ «ሶኬቱ ይሞቃል» ብሎ። ስዊድንኛው ቢያዳግት ልጁ ይጽፈዋል።